ወደ ግራ ያዘነበለ ስፌት

ጥቅምት 3፣ ሰኞ

ይህን ደብተር የገዛሁት ለሱቁ ነው። የደንበኞቼን ልክ ልጽፍበት። ሱቁ ገና የለም፤ ደንበኛም የለም። ባዶውን ከሚቀመጥ እስከዚያው የራሴን ልክ ልውሰድበት አልኩ።

ዛሬ ምዝገባ ቢሮ ሄድኩ። መስኮት ቁጥር አራት ያለችው ሴትዮ ስምንት ገጽ ፎርም ሰጠችኝ። ፊደሉ ጉንዳን ነው። ይህ አገር ለወረቀት አይሳሳም፤ በቀለም ግን ቋጣሪ ነው።

አራተኛው ገጽ ላይ «የሙያ ኃላፊ» የሚል መስመር አለ። ስፌት ቤት መክፈት የፈለገ ሁሉ ሙያውን የሚያስመሰክር አንድ ሰው እዚያ ላይ ያስመዘግባል። ያ ሰው መጀመሪያ በእጁ የሠራቸውን ሦስት ናሙናዎች ያስገባል። ናሙናዎቹ ካለፉ ፈታኝ ፊት ቀርቦ ይቆርጣል፣ ይሰፋል። የወደቀ ለሦስት ዓመት ተመልሶ አይመጣም።

ስሜን ጻፍኩ። ሌላ ማን ሊጻፍ ነው? ከአባቴ ሱቅ ጀምሮ ሠላሳ አንድ ዓመት መቀስ ይዣለሁ። እዚህ አገር ከመጣን ወዲህ ደግሞ አራት ዓመት ሙሉ መኝታ ቤት ውስጥ የሰው ሱሪ ሳሳጥር ኖሬያለሁ። አሁን ሰው አንኳኩቶ ሳይሆን ገፍቶ የሚገባበት በር እፈልጋለሁ።

ቤት ስገባ ባለቤቴ ፎርሙን አየችው። «መስመር ዘለህ ጻፍክ እኮ» አለች። ስሜን የትውልድ ቀን ላይ ጽፌው ኖሯል። ሳቅን። ነገ ሌላ ቅጂ አመጣለሁ ስል «እኔ ትርፍ ተቀብያለሁ» ብላ ከመሳቢያ አወጣች። እየነገርኳት ሞላችው።

ትርፍ ፎርም መቼ ሄዳ እንደተቀበለች አልጠየቅኋትም።

ጥቅምት 5፣ ረቡዕ

አውቶቡስ ተሳሳትኩ። ቁጥሮቹን አደብዝዘው ነው የሚጽፏቸው። ሁለት ፌርማታ በእግሬ ተመለስኩ። ለጤናም ጥሩ ነው።

ጥቅምት 8፣ ቅዳሜ

ቤቱን አየነው። አምባሳደር ነው ያገኘልን። አምባሳደር የባለቤቴ የአክስት ልጅ ነው፤ ታክሲ ነጂ ነው፤ የዚህን አገር ቋንቋ እንደ ውሃ ስለሚጠጣው የሁላችንንም ጉዳይ በየቢሮው እሱ ነው የሚያወራው። ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ።

ቤቱ ቀድሞ መድኃኒት ቤት ነበር። አከራይዋ ራሷ ፋርማሲስት ነበረች፤ አሁን ጡረታ ወጥታለች። አንዱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ትንንሽ መሳቢያ ነው። ለቁልፍ፣ ለክር፣ ለመርፌ ይሆናል ብዬ ልቤ ዘለለ። አሁንም ኪኒን ኪኒን ይሸታል።

«በሩ ዘሟል፤ ይስተካከልልን» አልኳት። አሮጊቷ ውሃ ልክ አምጥታ በሩ መቃን ላይ አስደገፈች። ቀጥ ያለ ነው።

«ምናልባት የዘመሙት እርስዎ ይሆናሉ» አለች። አምባሳደር ሲተረጉምልኝ እየሳቀ ነው። ባለቤቴ አልሳቀችም።

ፈቃዱን እስከ ታኅሣሥ 1 ካላመጣን ቤቱን ለስልክ ጠጋኝ ትሰጠዋለች። ከእኛ በፊት ጠይቋት ነበር።

ጥቅምት 12፣ ረቡዕ

ናሙናዎቹን ጀምሬያለሁ። ሸሚዝ፣ ሱሪ፣ ገበር ያለው ኮት።

እንዲህ ተከፋፍለነዋል፦ ጠዋት ጠዋት እኔ ቢሮ እሄዳለሁ፤ እሷ ሆቴል ላውንደሪ የምትገባው ከምሳ በኋላ ስለሆነ ቤት ትቆያለች። ከሰዓት እኔ እሰፋለሁ። ይህን ያወጣችው እሷ ናት። «ጠዋት ሂድ፤ ወረፋው አጭር ነው» ትለኛለች። አጭር አይደለም። ግን ደጅ ስጠና አርፍጄ ስመለስ ቤቱ ተጠርጎ፣ ምሳ ቀርቦ፣ ሥራዬ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ ይጠብቀኛል።

መርፌዎቹም ሁሉ ክር ገብቶላቸው፣ መርፌ መሰኪያው ላይ ተሰልፈው ይጠብቁኛል። አሥራ ሁለት። አልለመንኳትም። ጨዋታዋ ነው መሰለኝ። ላመሰግናት አስቤ ነበር። ካመሰገንኩ ግን ለምን እንደማመሰግን መናገር ይመጣል። ተውኩት።

ጥቅምት 14፣ ዓርብ

የዚህ አገር ጨርቅ ድሩ ጠማማ ነው። በጠመኔ ቀጥ አድርጌ ያሰመርኩት መሀሉ ላይ ይጎብጣል።

አባቴ «ዓይን ይዋሻል፤ አውራ ጣት አይዋሽም» ይል ነበር። በሜትር አይለካም ነበር። ሜትሩ አንገቱ ላይ የሚንጠለጠለው ደንበኛ እንዲያምነው ነው። በስንዝሩ ነበር የሚለካው፤ እኔም እንደሱ። እጄ ያውቃል። ምንም አልሆንም።

ጥቅምት 17፣ ሰኞ

ብጣሽ ጨርቅ አነሰኝ። ከኮቱ ለአንድ እጅጌ የሚሆን መትረፍ ነበረበት። ባለሱቁ ሲለካ ሰርቆኛል ማለት ነው። ለባለቤቴ ስነግራት «ተወው፤ እኔ ሄጄ አመጣልሃለሁ» አለች፤ እንደሷ ያለ ቁጡ ሰው!

አውራ ጣቷ ላይ ፕላስተር አለ። «ምን ሆንሽ?»

«ካውያ አቃጠለኝ።»

ያ ሆቴል እጇን ሊጨርሰው ነው። ሱቁ ሲከፈት ታርፋለች። የቁልፍ ቀዳዳዋን፣ ዝምዝማቷን ይዛ ከጎኔ ትቀመጣለች። እንደ ድሮው።

ጥቅምት 21፣ ዓርብ

አምባሳደር ምሳ መጥቶ ነበር። ውሃ ልቀዳለት ብዬ ከብርጭቆው ውጭ አፈሰስኩት።

«ጋሼ፣ ጠረጴዛውን ጠማው እንዴ?»

«ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ እዚህ ነበር እኮ ያለው ብርጭቆው!» አልኩ።

የማንም ሰው መሐላ ነው። እኔ ራሴ በቀን አሥር ጊዜ የምምለው ነው። ባለቤቴ ግን ሳህን ይዛ እንደቆመች ቀረች። አምባሳደርም ሳቁን አልጨረሰውም።

ሲወጣ ደረጃው ላይ ሸኘችው። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። እሱ፦ «እስከ መቼ ነው የምትሸፍኚለት?» እሷ፦ «ዝም በል፤ ይሰማሃል።»

ማንን ነው የምትሸፍነው? ምናልባት ሆቴል ያለውን የሥራ ባልደረባዋን ይሆናል፤ ያ ሰው ሁልጊዜ ከሥራ ይቀራል።

ጥቅምት 25፣ ማክሰኞ

ናሙናዎቹን አስገባሁ።

ባለቤቴ ራሷ ተኩሳ፣ በወረቀት ጠቅልላ፣ በክር አስራ ሰጠችኝ። «እንዳትነካው፣ ይጨማደዳል» ብላኝ ነበር፤ አልነካሁትም።

ፈታኙ ዝምተኛ ሽማግሌ ነው። ኮቱን ገለበጠ። እጁን እጅጌው ውስጥ ከቶ ብዙ ቆየ። ከዚያ «ይህን እጅጌ የገጠመ ሰው ሙያ ያውቃል» አለ። ደረሰኙ ላይ ስፈርም ደግሞ እጄን ትክ ብሎ ያየኝ መሰለኝ። የሠራተኛ እጅ ነው፤ ይየው።

ደስታዬን አልችል አልኩ። ቤት እስክደርስ ስንት ሰው ገፋሁ መሰለህ፣ ደብተሬ። ለባለቤቴ ሦስት ጊዜ ነገርኳት፤ የገጠመ ሰው ያውቃል አለ፣ እንዲህ ብሎ እጁን አስገብቶ። ጀርባዋን ሰጥታኝ ሳህን ታጥብ ነበር። «ጎበዝ» አለች። ቧንቧው ክፍት ነበር፤ ድምጿን ዋጠው።

ጥቅምት 29፣ ቅዳሜ

«ፊቴ እዚህ ነው» አለችኝ ዛሬ፣ አገጬን ይዛ እያዞረች።

ስናወራ ወደ ጆሮዋ ነው የማየው። ጉትቻዋን። ወደ ጆሮዋ ሳይ ፊቷ ይመጣልኛል፤ ወደ ፊቷ ሳይ ይሸሻል። የዚህ አገር ብርሃን እንዲህ ያደርጋል፤ ክረምቱ ገብቷል።

ኅዳር 3፣ ረቡዕ

ደብዳቤ መጣ። ናሙናዎቹ አልፈዋል። የተግባር ፈተናው ኅዳር 22፣ ሰኞ ጠዋት። አንድ እጅጌ ቆርጦ መግጠም። ናሙናዎቹን መጥቼ እንድወስድ።

እስክሪብቶ ቀየርኩ። ያኛው ቀለሙ ቀጭን ነበር።

ኅዳር 9፣ ማክሰኞ

አውቶቡስ ላይ ነኝ፤ ፊደሉ ይዘላል።

ናሙናዎቹን ተቀብዬ ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። ወረቀቱ ተቀዶ ነበር። እጄን ሰድጄ እጅጌውን ፈለግሁት። ያ ሽማግሌ ያገኘውን እኔም ላግኘው ብዬ ነው፤ ኩራት ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም። አውራ ጣቴን በስፌቱ ላይ ሄድኩበት።

ያዘነብላል።

ስፌቱ ወደ ግራ ያዘነብላል።

የሰው እጅ ስፌት እንደ አነጋገሩ ነው። የእኔ ወደ ቀኝ ይተኛል፤ የአባቴም እንደዚያ ነበር። ወደ ግራ የሚተኛ ስፌት በዕድሜዬ የማውቀው አንድ ብቻ ነው። ሃያ ዓመት በየኮቱ ጫፍ፣ በየቁልፉ ቀዳዳ ሳገኘው የኖርኩት ነው። በጨለማ ብዳስሰው የማን እንደሆነ አውቀዋለሁ።

ብብቱ ያዘነብላል። ትከሻው ያዘነብላል። ገበሩ ከላይ እስከ ታች ያዘነብላል። ሸሚዙን አወጣሁ፤ አንገትጌው ያዘነብላል። ሱሪውን አወጣሁ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ ተነሥታ ሌላ ቦታ ሄደች፤ አንድ ትልቅ ሰው ሱሪ ታቅፎ ሲያለቅስ ብታይ ምን ታድርግ።

የእኔ የሆነ አንድ ስፌት ፈለግሁ። ሱሪው ኪስ ውስጥ፣ ማንም በማያየው ቦታ፣ አንድ ስንዝር የማትሞላ የእኔን አገኘሁ። ትታልኛለች። አንድ ቀን ብፈልግ እንዳገኝ።

መውረጃዬ አልፏል።

ኅዳር 10፣ ረቡዕ

ምንም አላልኩም። እሷም ምንም።

ላውንደሪ ስትሄድ አንዱን መርፌ ክሩን አወጣሁና ራሴ ላስገባ ተቀመጥኩ። የግድግዳው ሰዓት ሁለት ጊዜ ደወለ። ክሩን መልሼ መሬት ጣልኩት፣ ወድቆ እንደወጣ እንዲመስል።

አሁን ቀኑን ሁሉ ወደ ኋላ እየፈታሁ ነው። ወረፋው አጭር ነው። እንዳትነካው ይጨማደዳል። እኔ ሄጄ አመጣልሃለሁ። ካውያ አቃጠለኝ። እስከ መቼ ነው የምትሸፍኚለት።

አባቴ ሱቅ ስትመጣ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር። ግራኝ መሆኗን ሲያይ አባቴ «የኔ ልጅ፣ ለግራ እጅ መቀስ አልተሠራም» ብሎ መርፌ ሰጣት። እውነቱን ነው፤ የእኛ መቀስ ለቀኝ እጅ ነው የተሠራው፤ በግራ ሲይዙት ጨርቁን ያኝካል፣ ጣትንም ይልጣል። እሱ ሲሞት መቀሱ ወደ እኔ መጣ። ልትሞክሪው ትፈልጊያለሽ ወይ ብዬ አንድ ቀን አልጠየቅኋትም። ክፋት አይደለም። ትዝ አላለኝም። ከክፋት የቱ እንደሚሻል አላውቅም።

ኅዳር 11፣ ሐሙስ

ወደ ሱቁ ሄድኩ፤ ለምን እንደሄድኩ አላውቅም። አከራይዋ መሳቢያ ታጸዳ ነበር። በተሰባበረ ቋንቋዬ አወራኋት፤ እሷም ቀስ ብላ አወራችኝ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለችኝ፣ ዓይኖቿን በጣቷ እያሳየች።

አንዱን መሳቢያ በጣቴ ዳሰስኩ።

«በሩን ዘመመ ያሉኝ ቀን ነው ያወቅሁት። እኔ የመጨረሻዎቹን ሁለት ዓመታት የሠራሁት የመሳቢያዎቹን ቦታ በቃሌ ይዤ ነው። ራስ ምታት፣ ሦስተኛ ረድፍ፣ ከግራ አምስተኛ። አንድ ቀን የምታጸዳልኝ ሴት ሁለት መሳቢያ አቀያይራ መለሰች።»

«ሰው ተጎዳ?»

«ማንም አልተጎዳም። ደንበኛዬ ራሱ አይቶ መለሰልኝ። እኔ ግን በሳምንቱ ዘጋሁ። መዝጋቱ አይደለም የከበደኝ። ሁለት ዓመት ለማንም አለመናገሬ ነው።»

ከዚያ አንድ ባዶ መሳቢያ ስባ አውጥታ ሰጠችኝና «እስኪ ያሽትቱት» አለች። የአፍንጫ መድኃኒት ይሸታል፤ ከስንት ዓመት በኋላም። ሁለታችንም አሸተትን።

ኅዳር 12፣ ዓርብ

መስኮት ቁጥር አራት።

«የሙያ ኃላፊውን ስም መቀየር እፈልጋለሁ።»

«ለምን?»

«ሥራው የሷ ነው።»

«ታዲያ የእርስዎ ስም ምን ይሠራል እዚህ?»

«ልማድ ነው» አልኩ። አምባሳደር ሊያሳምርልኝ አፉን ሲከፍት በክርኔ ጎሸምኩት።

ሴትዮዋ ወደ ፈታኙ ክፍል ሰደደችን። ሽማግሌው ጨርሼ ሳልነግረው እጁን አነሣ።

«ሥራው የግራኝ ነው። እርስዎ ደረሰኙ ላይ የፈረሙት በቀኝዎ ነው።»

«ያኔ ለምን አልተናገሩም?»

«የፈተናው ቀን ይናገራል ብዬ ነው። እርስዎ ቀርበው ቢሆን ማጭበርበር ብዬ ፋይሉን እዘጋው ነበር። ለእርስዎም ለእሷም።» ፋይሉን ገለጠና «ጥሩ ስፌት ነው፤ ማዘን አዝኜ ነበር» አለ።

እስከ መጪው ሰኞ ሁለት ነገር አምጡ አለ፦ የሷ ፊርማ፣ ያሠራት ባለሙያ የሚሰጠው ማስረጃ ደብዳቤ። ፈተናው በዚያው ቀን፣ ኅዳር 22፣ በሷ ስም።

መኪናው ውስጥ አምባሳደር ቁልፉን ሳያዞር ተቀመጠ። «ጋሼ፣ እኔ ስለ ደረጃው...»

«ንዳው፤ አምባሳደር በደረጃ ላይ አይደራደርም» አልኩት።

ኅዳር 13፣ ቅዳሜ

ዕረፍቷ ነው። ጠዋት ልብስ እያጠፈች ሳለ ነገርኳት።

«ስምሽን አስጽፌዋለሁ።»

«የት?»

«ፎርሙ ላይ። አራተኛው ገጽ።»

ያጠፈችውን ሸሚዝ ፈታችው፤ እንደገና አጠፈችው። «መቼ አወቅህ?»

«ማክሰኞ። አውቶቡስ ላይ።»

«ማክሰኞ? አንተ ሰውዬ! አራት ቀን ሙሉ እያወቅህ ዝም ብለህ ምሳ ትበላለህ?»

«አንቺስ ስንት ወር ነው ያበላሽኝ?»

ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ተበላሸባት። አጠገቤ ተቀመጠች። እኔም ወደ ጆሮዋ አየሁ፤ ፊቷ መጣልኝ።

«ዓይንህ ቢሄድ እጅህን ይዤ እመራሃለሁ» አለች። «አንተም ተከትለኸው ብትሄድ ግን ምን ይውጠኛል ብዬ ነው። ያለ መቀስ አላውቅህም እኮ።»

«እኔም ከመቀስ ጋር አላውቅሽም።»

«እኔ ምኑን አውቀዋለሁ? አባትህ...»

«እጅሽን አምጪ።»

ፕላስተሩን ላጥኩት። ካውያ አይደለም። የአውራ ጣቷ ጎን፣ የመቀሱ ቀለበት በተሳሳተ በኩል የሚያርፍበት ቦታ፣ ቆስሎ ድኖ፣ ቆስሎ ድኖ እንደ ቆዳ ጫማ ጠንክሯል። የአባቴ መቀስ ነው ያደረጋት። እኔ ቢሮ ለቢሮ ስንከራተት፣ በማይመቻት እጅ፣ ያበላሸሁትን እጅጌ እንደገና ትቆርጥ ነበር።

«ያምሻል?»

«ለምዷል።»

ጣቷን አፌ ላይ አድርጌ ቆየሁ። «ደብዳቤውን አንተ ትጽፋለህ ማለት ነው?» አለች በመጨረሻ። «እንዳትዋሽ ግን። የሌለኝን አትጻፍልኝ።»

«ያለሽንም ጽፌ አላውቅ» አልኩ።

ኅዳር 14፣ እሑድ

ደብዳቤው። «እኔ አስተምሬያታለሁ» ብዬ ጻፍኩ፤ ሰረዝኩት። ማንም አላስተማራትም፤ ቀዳዳ ስትሠራ ባሻገር እያየች ነው የተማረችው። «ስትሠራ አይቻለሁ» ብዬ ጻፍኩ፤ እሱንም ሰረዝኩት። አላየሁም።

«ሥራዋን በእጄ ዳስሼ አረጋግጫለሁ» አልኩ። ይህ እውነት ነው። ፈረምኩ። ባለቤቴ ጣቴን መስመሩ ላይ አስቀመጠችልኝ፣ ስሜ የትውልድ ቀን ላይ እንዳያርፍ።

ኅዳር 17፣ ረቡዕ

ከአምባሳደር ጋር መቀስ ፍለጋ ወጣን። ሁለት ሱቅ የለም አሉ። ሦስተኛው የቢላዋ ሱቅ ነው፤ ሰውዬው ከመደርደሪያው ሥር አቧራ የለበሰ ሣጥን አወጣ።

ለግራ እጅ የተሠራ። ከባድ፣ ረጅም፣ የልብስ ሰፊ መቀስ።

ለማየት በቀኝ እጄ ያዝኩት። ቀለበቱ ጣቴን ነከሰኝ። ስሙ የተመሰከረለት፣ ሠላሳ አንድ ዓመት መቀስ የያዘ እጄ እንደ ሕፃን እጅ ተብረከረከበት። ጨርቅ ሰጠኝ፤ አኘከው።

«ጋሼ፣ ተበላሽቷል መሰለኝ፤ ሌላ ይምጣልን?» አለ አምባሳደር።

«ኧረ ደኅና ነው» አልኩ። «እንዲህ ነው የምፈልገው።»

አባቴ አያውቅም ነበር። ተሠርቷል።

ኅዳር 22፣ ሰኞ

ኮሪደር። አግዳሚ ወንበር። እሷ ከገባች ግማሽ ሰዓት ሆኗታል።

ከበሩ ጀርባ መቀሱ ይሰማኛል። መቀስ ጨርቁ ላይ ሲንሸራተት እና ሲቆርጥ ድምፁ ይለያያል። መጀመሪያ አጭር፣ አጭር፣ አጭር። ፈርታለች። ከዚያ ቆመ።

ቆሟል።

አሁንም። ጨርቁን አበላሽታ ይሆን? መተኪያ ጨርቅ አይሰጡም። ለምን ቸኮልኩ? ሃያ ዓመት መርፌ የሰጠኋትን በአንድ ሳምንት መቀስ አስይዤ ፈታኝ ፊት አቆምኳት። ብትወድቅ ሦስት ዓመት። ሱቁ ለስልክ ጠጋኝ። እሷም ወደ ሆቴሉ።

ጀመረች። አንድ ረጅም። ከብብት እስከ አንጓ፣ ትንፋሽ ሳትወስድ። እንደዚህ ያለ ቅድ የሰማሁት አባቴ በሕይወት ሳለ ነው።

መጻፍ አቆማለሁ።

ያው ኅዳር 22፣ ከሰዓት

ወጣች። «ምን አለሽ?»

«ምንም። እጁን እጅጌው ውስጥ ከቶ ዝም አለ።»

«ብዙ ቆየ?»

«ብዙ።»

«በቃ» አልኩ። መሀል ላይ ለምን እንዳቆመች ጠየቅኋት። «ቀለበቱ ጣቴን ሳይነክሰኝ ሲቀር ግራ ገባኝ» አለች። «ያመኛል ብዬ ስጠብቅ ነበር።»

ኅዳር 25፣ ሐሙስ

የዓይን ሐኪም። እሷ ናት የጎተተችኝ። መሀሉ ሄዷል። ዳር ዳሩ ይቆያል አለ፤ ምናልባት ብዙ። መነጽር አያመጣውም።

ዳር ዳሩን ነው የኖርኩትም አልኩት። አልገባውም።

ኅዳር 27፣ ቅዳሜ

ደብዳቤው። አምባሳደር ደረጃው ላይ ቆሞ ለጎረቤቱ ሁሉ እስኪሰማ አነበበው። አልፋለች። ባለቤቴ «እንደገና አንብበው» አለችው። አነበበው። «ስሜን ብቻ እንደገና» አለችው።

ታኅሣሥ 1፣ ረቡዕ

መስኮት ቁጥር አራት ማኅተሙን መታችው። አከራይዋ ቁልፉን ሰጠችን፤ ለባለቤቴ ነው የሰጠቻት፤ እኔን ደግሞ በሩ መቃን ላይ እጄን አስይዛ «ቀጥ ብሏል አሁን?» አለችኝ።

«እየተቃና ነው» አልኳት።

ታኅሣሥ 7፣ ማክሰኞ

ትናንት የጻፍኩትን ዛሬ እላዩ ላይ ጽፌበታለሁ መሰለኝ። ጣቴ ቀለሙን አይለየውም። ከነገ ጀምሮ

ታኅሣሥ 8፣ ረቡዕ

እኔ ነኝ፤ ባለቤቱ። እሱ መሳቢያዎቹ ሥር ወንበር ላይ ተቀምጦ እየነገረኝ ነው። «የምልሽን ብቻ ጻፊ» ብሏል።

ወደ ኋላ ገልብጠሽ እንዳታነቢ አለኝ። «ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ አላነብም» አልኩት። ቀድሞ የሳቀው እሱ ነው።

ጻፊ አለ፦ ዛሬ የመጀመሪያው ደንበኛ በሩን ገፍቶ ገባ። ትልቅ ሰውዬ ነው። ኮት ይፈልጋል። በሜትር ልለካው ስል ባሌ ተነሥቶ በስንዝሩ ጀመረው፤ ሰውዬው ብብቱ ሲነካ ኮረኮረውና እንደ ልጅ ጮኸ። አከራይዋ ከላይ ካለው ቤቷ ወርዳ ምን ሆናችሁ አለች።

ጻፊ አለ፦ ነገ መርፌዎቹን አታስገቢ፤ ስፈልግ እጠራሻለሁ።

እሱን ጻፍኩት፤ ግን አስገባቸዋለሁ። ይህን አላነበብኩለትም።

ደብተሩ የተገዛው ለዚህ ነው ብሎኛል፤ እንግዲህ፦

ትከሻ፦ ሁለት ስንዝር ከሦስት ጣት።
ደረት፦ አምስት ስንዝር፣ ሦስት ጣት ሲጎድል።
እጅጌ፦ ሦስት ስንዝር፣ አንድ ጣት ሲጎድል። ቀኝ ትከሻው ዝቅ ይላል፤ ሲያዩት አይታወቅም፣ በእጅ ነው የተገኘ።